የጡት ካንሰር ሕክምናና ከሕክምናው በኋላ የሚኖር ዕድሜ (ከ1894 እስከ 2005)

መግቢያ

አንድ ሐኪም «ሕመምተኛዬ ድናለች» ሲል ምን ማለቱ ነው? ቁስሏ ደርቆ ከሆስፒታል ወጣች ማለቱ ነውን? ወይስ በሽታው በተቆረጠው ቦታ ላይ ተመልሶ አልታየም ማለቱ ነው? ወይስ ከሃያ ዓመት በኋላም በሕይወት አለች ማለቱ ነው? እነዚህ ሦስት መልሶች ላይ ላዩን ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የጡት ካንሰር ሕክምና ታሪክ ሲመረመር፥ ሐኪሞች በሁለተኛው መልስ ረክተው ሰማንያ ዓመት ያህል እንደ ቆዩ፥ ሦስተኛውን ጥያቄ በሚገባ የጠየቁት ግን እጅግ ዘግይተው እንደ ሆነ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መዘግየት ከምን እንደ መጣና በምን ዘዴ እንደ ተቃና ማስረዳት ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገሮችን ላሳስብ። ነቀርሳ የሚለው ቃላችን ለሳምባ በሽታም ስለሚነገር፥ አሳብ እንዳይደባለቅ ካንሰር የሚለውን ስም መርጫለሁ። ዓመቶቹም ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሃልስተድ ኦፕራሲዮን

ዊልያም ስቱዋርት ሃልስተድ በ1852 በኒው ዮርክ ተወልደው በ1922 በባልቲሞር ያረፉ አሜሪካዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። በአገራቸው ሕክምና ካጠኑ በኋላ ወደ ኦስትሪያና ወደ ጀርመን ሄደው የዘመኑን ስመ ጥር ሐኪሞች አሠራር ተመልክተዋል። ቆይተውም በባልቲሞር በ1889 በተከፈተው በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ክፍል አለቃ ሆኑ።

በዚያ ዘመን የጡት ካንሰር የያዛት ሴት ወደ ሐኪም የምትመጣው አብዛኛውን ጊዜ ዕባጩ ከገነነ፥ አንዳንዴም ቆዳዋን ከቀደደ በኋላ ነበር። ሐኪሙ ጡቷን ቢቆርጠውም በሽታው በጠባሳው ላይ ተመልሶ ይበቅል ነበር። ሃልስተድ በ1894 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ዘረዘሩት፥ ታላላቅ በሚባሉት የአውሮፓ ሐኪሞች ዘንድ እንኳ በሽታው በቦታው የተመለሰባቸው ሴቶች ከግማሽ በላይ ነበሩ፤ በቪየናው በቢልሮት ዘንድ ቍጥሩ 82 በመቶ ደርሶ ነበር።

የሃልስተድ አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ካንሰር ከተነሣበት ቦታ ወደ ዙሪያው ደረጃ በደረጃ በሊምፍ መንገድ ይስፋፋል፤ በብብት ውስጥ ያሉት ንፍፊቶችም እንደ በር ጠባቂ ሆነው ለጊዜው ይገቱታል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፥ ሐኪሙ በሽታውን ቀድሞ ሰፋ አድርጎ ከቆረጠ ሴቲቱ ትድናለች ማለት ነው። ስለዚህ ጡቱን፥ ከሥሩ ያለውን ትልቁን የደረት ጡንቻና የብብቱን ንፍፊቶች በአንድነት ነቅለው አወጡ። የ50 ሴቶችን ውጤት በ1894 ሲያትሙ በሽታው በዚያው በተቆረጠው ቦታ የተመለሰባቸው 3 ብቻ፥ ማለት 6 በመቶ ነበሩ። ከቢልሮት 82 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ይህ እንደ ተአምር ቢቆጠር አያስደንቅም።

በእውነትም ሥራው ቀላል አልነበረም። በጠባሳቸው ላይ የሚሸት ቁስል ይዘው ይሞቱ ለነበሩት ሴቶች ኦፕራሲዮኑ ትልቅ ዕረፍት ሰጥቶአል። ዋጋውም ደግሞ ከባድ ነበር። ደረታቸው ጎድጉዶ የጎድን አጥንታቸው ከቆዳው ሥር ይቆጠር ነበር፤ የብዙዎቹ ክንድ ያብጥ ነበር፤ እጃቸውን ወደ ላይ ለማንሣትም ይቸገሩ ነበር። ሕይወትን የሚያተርፍ ከሆነ ግን ይህን ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው ተብሎ ተፈረደ። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፤ በእርግጥ ሕይወትን ያተርፍ ነበርን?

ከቍጥሩ ያልተገኘ መደምደሚያ

የሃልስተድ ቍጥር ውሸት አልነበረም። ከቍጥሩ ላይ የተወሰደው መደምደሚያ ግን በሦስት ነገሮች ይጐድል ነበር።

አንደኛ፥ የተቆጠረው በሽታው በቦታው መመለሱ እንጂ የሴቶቹ ዕድሜ አልነበረም። በዚያው ጽሑፍ በአካባቢው ባለው ሥጋና ንፍፊት ላይ በሽታው የተመለሰባቸው ሌሎች 8 ሴቶች ለብቻ ተቆጥረዋል፤ የተወራው ግን 6 በመቶው ነው። ጠባሳዋ ንጹሕ የሆነ ሴት በሽታው ወደ አጥንቷ ወይም ወደ ጉበቷ ሄዶ ልትሞት ትችላለች። ሃልስተድ ራሳቸው በ1907 ባወጡት ሰፋ ያለ ሪፖርት የሴቶቹ ዕድል በዋናው የተመሠረተው በኦፕራሲዮኑ ቀን ንፍፊታቸው በበሽታው ተይዞ ወይም ሳይያዝ በመገኘቱ ላይ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ማስረጃ ከቢላዋው ስፋት ይልቅ የበሽታው ሁኔታ ወሳኝ መሆኑን የሚያመለክት ነበር፤ ግን እንደዚያ አልተነበበም።

ሁለተኛ፥ ንጽጽሩ በአንድ ዘመንና በአንድ ዓይነት ሕመምተኞች መካከል አልነበረም። አንድ አስተማሪ ጎበዝ ጎበዞቹን ተማሪዎች መርጦ ቢያስተምር፥ ሌላው የቀሩትን ቢያስተምር፥ በፈተና ጊዜ የመጀመሪያው ክፍል መብለጡ ስለ አስተማሪዎቹ ችሎታ ምንም አይነግረንም። ጊዜው እየገፋ ሲሄድም ሴቶች ዕባጩ ገና ትንሽ ሳለ ወደ ሐኪም መምጣት ጀመሩ፤ ውጤቱ ሲሻሻል ምስጋናው ሁሉ ለኦፕራሲዮኑ ተሰጠ።

ሦስተኛው ስውር ስሕተት የሰዓቱ መነሻ ነው። ሁለት መንገደኞች በአንድ አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ይሂዱ እንበል። አንዱ ሰዓቱን ከአዲስ አበባ ሲነሣ፥ ሌላው ደብረ ብርሃን ሲደርስ መቍጠር ቢጀምር፥ ደሴ የሚደርሱት በአንድ ጊዜ ቢሆንም የመጀመሪያው ብዙ የቆየ ይመስላል። በሽታዋ ቀደም ብሎ የታወቀላት ሴትም የምትሞትበት ቀን ባይለወጥ እንኳ ከሕክምናዋ በኋላ ብዙ ዓመት የኖረች ሆና ትቆጠራለች።

በእነዚህ ላይ የትምህርት ቤት ሥልጣን ተጨመረበት። ሃልስተድ ወጣት ሐኪሞችን በሆስፒታል ውስጥ ለዓመታት የሚያሠለጥን ሥርዓት ያቆሙ ሰው ናቸው። ደቀ መዛሙርታቸው በየዩኒቨርሲቲው አስተማሪዎች ሲሆኑ ኦፕራሲዮኑም አብሮአቸው ሄደ። ተማሪው የመምህሩን ሥራ ሲጠራጠር መምህሩን የደፈረ ይመስለው ነበር። እንዲያውም በኒው ዮርክ እንደ ጀሮም አርባን ያሉ ሐኪሞች በ1950ዎቹ ከደረት አጥንት ሥር ያሉትን ንፍፊቶች ለማግኘት የደረቱን ግድግዳ በከፊል እስከ ማንሣት ደረሱ። ትንሽ መቍረጥ ካልበቃ አብዝቶ መቍረጥ ይሻላል የሚል አሳብ ነበር።

ያልተሰሙ ድምፆች

ሁሉም በዚህ መንገድ ሄደ ማለት ግን አይደለም። በለንደን በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የነበሩት ጄፍሪ ኬንስ፥ የታወቀው የኢኮኖሚ ሊቅ የጆን ሜይናርድ ኬንስ ወንድም፥ ከ1920ዎቹ ጀምረው የራዲየም መርፌዎችን በጡት ውስጥ በመትከል ያክሙ ነበር። በ1937 ባሳተሙት ሪፖርት በዚህ መንገድ የታከሙት ሴቶች ዕድሜ ጡታቸውን በሙሉ ካጡት ሴቶች ዕድሜ የሚያንስ እንዳልሆነ ገለጡ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሥራቸው ተቋረጠ። በኤደንብራም ሮበርት ማክዊርተር የደረቱን ጡንቻ ሳይነኩ ጡቱን ብቻ በማውጣትና ጨረር በመጨመር ያገኙትን ውጤት በ1948 አስታወቁ። በአሜሪካ ክሊቭላንድ ጆርጅ ክራይል ልጅየው በ1950ዎቹ የሃልስተድን ኦፕራሲዮን ትተው የባልንጀሮቻቸውን ቍጣ ተቀበሉ።

እነዚህ ሰዎች የተናገሩት ኋላ እውነት ሆኖ ተገኝቶአል። ይሁን እንጂ በጊዜው ያሸንፉ ዘንድ አልቻሉም፤ የእነርሱም ማስረጃ ከሃልስተድ ማስረጃ ጋር አንድ ዓይነት ጕድለት ነበረበትና። እነርሱም የራሳቸውን ሕመምተኞች ቆጥረው ከሌላ ሰው ሕመምተኞች ጋር ያነጻጸሩ ነበሩ። ባላጋራዎቻቸው «የናንተ ሴቶች በሽታቸው ቀላል ነበር» ቢሉ መልስ አልነበራቸውም።

ዕጣ የማውጣት ዘዴ

መፍትሔው የመጣው ከሌላ በሽታ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1948 የታተመ አንድ ጥናት ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት በ107 የሳምባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ላይ ሲመረምር፥ መድኃኒቱ ለማን እንደሚሰጥ የሚወሰነው በሐኪሙ ምርጫ ሳይሆን በዕጣ እንዲሆን ተደረገ። የዚህ ዘዴ መሪ የቍጥር ሊቁ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ነበሩ። ዕጣ አያዳላም። ዕድሜ፥ የሰውነት ጥንካሬ፥ የበሽታው ክብደት፥ እኛ የማናውቀውም ነገር ሁሉ በሁለቱ ወገን እኩል ይከፈላል። ከዚህ በኋላ የሚታየው ልዩነት ከሕክምናው የመጣ ነው ለማለት ይቻላል።

ይህን ዘዴ በጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን ላይ ያዋሉት የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ፊሸር (1918–2019) ናቸው። ፊሸር ከወንድማቸው ከኤድዊን ጋር በእንስሳት ላይ ባደረጉት ምርመራ ንፍፊቶች የካንሰርን ሕዋሳት እንደ በር ጠባቂ እንደማያቆሙ፥ ሕዋሳቱም በደምና በሊምፍ መካከል እንደሚመላለሱ ተመልክተው ነበር። ይህ እውነት ከሆነ በሽታው ኦፕራሲዮኑ ከመደረጉ በፊት ወደ ሩቅ ቦታ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ በደረት ላይ መቍረጥን ማብዛትም የሄደውን አይመልስም።

ሥራው ያለ ችግር አልተካሄደም። ሐኪሙ ለሕመምተኛዋ «የትኛው ሕክምና እንደሚሻል አላውቅም፤ ዕጣ ይወስን» ብሎ መናገር አለበት። ሃያና ሠላሳ ዓመት በአንድ መንገድ ሲቈርጥ ለኖረ ሰው ይህን ቃል መናገር ቀላል አልነበረም። የሴቶቹም ድርሻ መረሳት የለበትም። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የነበረው ልማድ ሴቲቱ ለምርመራ ብላ ከተኛች በኋላ በዚያው እንቅልፍ ጡቷ ተቈርጦ እንድትነቃ የሚያደርግ ነበር። በ1974 ራስዋ የታመመችው ጋዜጠኛ ሮዝ ኩሽነር ይህን ልማድ አጥብቃ ተቃወመች፤ በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋሞች በጠሩት ጉባኤም አባል ሆና ተቀምጣለች። ጉባኤው የሃልስተድ ኦፕራሲዮን ከእንግዲህ ዋናው ሕክምና እንዳይሆን መከረ። በመጨረሻም በዕጣ ለመመደብ ፈቅደው የገቡት ሴቶች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ዕውቀት አይገኝም ነበር።

የሃያ ዓመት መልስ

በ1971 የተጀመረው የመጀመሪያው የፊሸር ጥናት 1,665 ሴቶችን ይዞ ነበር። በብብታቸው ንፍፊት ካልተዳሰሰባቸው ሴቶች እኩሌቶቹ የሃልስተድን ኦፕራሲዮን፥ እኩሌቶቹ ጡቱን ብቻ ማውጣትና ጨረር፥ እኩሌቶቹም ጡቱን ብቻ ማውጣት በዕጣ ደረሳቸው። በሃልስተድ መንገድ ከታከሙት መካከል 40 በመቶ ያህሉ በንፍፊታቸው ውስጥ የተሰወረ ካንሰር ተገኘባቸው። ክፍያው በዕጣ ስለ ሆነ ብብታቸው ካልተነካው ሴቶችም ያንኑ ያህሉ በሽታው ነበረባቸው ማለት ነው። ነገር ግን ካልተነኩት 365 ሴቶች ኋላ ንፍፊታቸው አብጦ መቈረጥ ያስፈለጋቸው 68 ብቻ ሆኑ። ከ25 ዓመት በኋላ፥ በ2002 የታተመው ውጤት፥ በሦስቱ ወገኖች ዕድሜ መካከል ቁም ነገር የሚባል ልዩነት አላገኘም።

በኢጣሊያም ኡምበርቶ ቬሮኔዚ በሚላኖ ከ1973 እስከ 1980 ድረስ ዕባጫቸው ከሁለት ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ 701 ሴቶችን በዕጣ ከፈሉ። 349ኙ የሃልስተድ ኦፕራሲዮን ተደረገላቸው፤ 352ቱ የጡቱ አራተኛ ክፍል ያህልና የብብቱ ንፍፊቶች ብቻ ወጥተው ጨረር ተሰጣቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 41.2 በመቶ፥ ከሁለተኛዎቹ 41.7 በመቶ በልዩ ልዩ ምክንያት ሞተው ነበር። ልዩነት የለም ማለት ነው።

የፊሸር ሁለተኛ ጥናት በ1976 ተጀመረ። ዕባጫቸው እስከ አራት ሳንቲ ሜትር የሆነ 1,851 ሴቶች የተቆጠሩበት ይህ ጥናት ጡቱን በሙሉ ማውጣትን፥ ዕባጩን ብቻ ማውጣትንና ዕባጩን አውጥቶ ጨረር መስጠትን አነጻጸረ። የመጀመሪያው ውጤት በ1985፥ የሃያ ዓመቱ ውጤት በ2002 ታተመ። ከሃያ ዓመት በኋላ በሕይወት የቀሩት በተራ 47፥ 46ና 46 በመቶ ናቸው። የሚላኖውና የፒትስበርጉ የሃያ ዓመት ሪፖርት በአንድ የሕክምና መጽሔት፥ በአንድ ዕትም፥ በጥቅምት ወር 2002 ጎን ለጎን ወጡ። ሃልስተድ ጽሑፋቸውን ካሳተሙ 108 ዓመት ሆኖ ነበር።

የማስረጃው ፈተና

ለታሪክ ተማሪ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ምናልባት በ1994 የሆነው ነገር ነው። በፊሸር ጥናቶች ውስጥ ይሠሩ ከነበሩት አንዱ፥ የሞንትሪያል ከተማ ሐኪም፥ አንዳንድ ሕመምተኞችን ለማስገባት ሲል መዝገብ እንዳሐሰተ በጋዜጣ ወጣ። ብዙ ሴቶች «ጡቴን ያቆየሁት በሐሰት ምክር ነውን?» እያሉ ተጨነቁ፤ ፊሸርም በዚያ ዓመት ከመሪነት ተነሡ፥ ኋላ ግን ከነቀፋ ነጻ ወጡ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱም የተገኘው በቃል ማረጋገጫ ሳይሆን በሥራ ነው። የዚያ ሆስፒታል ሕመምተኞች በሙሉ ተነሥተው ሒሳቡ እንደገና ተሠራ፤ ውጤቱ አልተለወጠም፤ ይህም በ1995 ታተመ። በዚህ ላይ የሚላኖው ጥናት በሌላ አገርና በሌሎች ሰዎች እጅ ተሠርቶ ያንኑ መስክሮ ነበር። አንድ ምስክር ቢዋሽ ነገሩ እንዳይፈርስ ብዙ ምስክር ያስፈልጋል ማለት ይህ ነው።

ከሃልስተድ ምን ቀረ?

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ሃልስተድ በፍጹም ተሳሳቱ ማለት ሌላ ስሕተት ነው። በፊሸር ሁለተኛ ጥናት ዕባጩ ብቻ ወጥቶ ጨረር ካልተሰጣቸው ሴቶች በ39.2 በመቶው ካንሰሩ በዚያው ጡት ተመልሶአል፤ ጨረር ከተሰጣቸው ግን በ14.3 በመቶው ብቻ ነው። በ2005 የ78 ጥናቶችና የ42,000 ሴቶች መዝገብ ባንድነት ሲመረመር ደግሞ፥ በቦታው ከሚመለሰው በሽታ አራቱን መከላከል በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ያህል ሞት እንደሚያስቀር ታወቀ። ስለዚህ በቦታው የቀረ በሽታ ዕድሜን ይነካል፤ ሃልስተድ ይህን በማሰባቸው አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት በሽታው ሁሉ በዚያው ቦታ ተወስኖ ይጠብቃል በማለታቸው ነው። ወደ ሩቅ ለሄደው በሽታ መልስ የሰጠው ቢላዋው ሳይሆን መድኃኒት ነው፤ ለዚህም የሚላኖው ጃኒ ቦናዶና ከኦፕራሲዮን በኋላ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠት እንደሚጠቅም በ1976 ያሳተሙት ጥናት በር ከፍቶአል።

መደምደሚያ

ይህ ታሪክ በሩቅ አገር የሆነ ቢመስልም ለእኛም የሚነግረን ነገር አለ። ጡትን ማቆየት እኩል ዕድሜ የሚሰጠው በሽታው ገና ሳይስፋፋ ሲገኝና ጨረር ሲከተል ነው። በአገራችን አዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ሆኖ ቆይቶአል። ከሩቅ ቦታ ለምትመጣ ሴት ዕባጩን ብቻ ማውጣት ያለ ጨረር የሚቀር ከሆነ የሚላኖው 41.7 በመቶ የእርስዋ ቍጥር አይደለም። የጥናትን ውጤት የሚዋስ ሰው ውጤቱ የተገኘበትን ሁኔታም አብሮ መዋስ አለበት።

ሐኪሞቹ ለሰማንያ ዓመት የተሳሳቱት ሰነፎች ወይም ጨካኞች ስለ ነበሩ አይደለም። ታታሪዎች ነበሩ፤ ሕመምተኞቻቸውንም ለማዳን ይመኙ ነበር። የጐደላቸው «ከምን ጋር ሲነጻጸር? እስከ መቼ ሲቆጠር?» የሚሉ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው። እነዚህን ጥያቄዎች በትክክል ለመመለስ ሃያ ዓመት መጠበቅ አስፈለገ፤ ከሚጠብቁትም ሴቶች እኩሌቶቹ ያህል መልሱን ሳያዩ አልፈዋል። እኛ በመጽሐፍ ገጽ ላይ 46 በመቶ ብለን በአንድ ትንፋሽ የምናነበውን ቍጥር ያቆዩልን እነርሱ ናቸው።